የሠራተኞችን የጤናና ደህንነት ዕቅድ ከማን ጋር፣ በምን መንገድ እናውጣ? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

«የሠራተኛ ደህንነት ዕቅድ ልናወጣ ነው» ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ብዙ ጊዜ አንድ የሚያስቅ ነገር ይፈጠራል። የጥበቃ ኃላፊው ስለ በርና ስለ ፍተሻ ሊያወራ ተዘጋጅቶ ይመጣል። የቴክኒክ ክፍሉ ሰው ስለ እሳት ማጥፊያና ስለ ራስ ቁር ያስባል። የሰው ሀብት ክፍሉ በልቡ የያዘው ደግሞ ድካምን፣ ጭንቀትንና የሕመም ፈቃድ መብዛትን ነው። ሦስቱም አልተሳሳቱም፤ ቃሉ ሦስቱንም ይሸከማል። ስለተለያየ ነገር እያወሩ እንደነበር የሚገባቸው ግን ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ «ጤናና ደህንነት» ስል ሰፊውን ትርጉም ይዤ ነው፤ ሰው ሥራው ሳያሳምመው፣ ሳያዝለውና ሳያስመርረው ውሎ መግባቱን ማለቴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ በዋለው መተዳደሪያው ጤናን የተረጎመው የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደህንነት ብሎ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ በ2010 ባወጣው የጤናማ የሥራ ቦታ ማዕቀፍ ደግሞ አራት መስኮችን ይለያል፦ የሚታይና የሚዳሰሰው የሥራ አካባቢ፣ የሥራው አደረጃጀትና በሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት፣ ሠራተኛው ለግል ጤናው የሚያገኘው ድጋፍ፣ እና ተቋሙ ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚያበረክተው። ስብሰባውን ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አራቱን ሰሌዳ ላይ ጻፏቸው። ያ ግማሽ ሰዓት ይተርፋል።

ይህ መመሪያ የሚያነጻጽረው የትኛው ፕሮግራም ይሻላል የሚለውን አይደለም። የሚያነጻጽረው ዕቅዱ በማንና በምን ዓይነት መድረክ ይውጣ የሚለውን ነው። ብዙ ተቋማት ይህን ጥያቄ እንደ ሥነ ሥርዓት ጉዳይ ቆጥረው ያልፉታል። እኔ ግን ዕቅዱ ውስጥ የሚገባውን ነገር የሚወስነው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ለምን «ከማን ጋር» ይቀድማል?

አመራር ብቻውን ተቀምጦ ሲያቅድ ዕቅዱ ወደ አንድ ዓይነት ነገር ያደላል፦ የስፖርት ቤት ክፍያ፣ የክብደት መቀነስ ውድድር፣ የጭንቀት አያያዝ ሥልጠና፣ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ። ተንኮል የለበትም። እነዚህ ነገሮች ደረሰኝ ቀርቦባቸው የሚገዙ ናቸው፤ የማንንም የሥራ አደረጃጀት አይነኩም። ችግሩ ያለው ውጤታቸው ላይ ነው።

በአሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞችን በዕጣ ከፍለው የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2019 ያወጡት ጥናት፣ እንዲህ ያለው ፕሮግራም በመጀመሪያው ዓመት በሕክምና ወጪ ላይ የጎላ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። አንድ ሌላ ነገርም አጋልጧል፤ ፈልገው የተሳተፉት ቀድሞውኑም ለሕክምና ብዙ የማያወጡ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የታተመና ወደ 33,000 የሚሆኑ የአንድ ትልቅ ችርቻሮ ድርጅት ሠራተኞችን ለ18 ወራት የተከታተለ ሌላ ጥናት፣ ሰዎች ስፖርት መሥራታቸውንና ክብደታቸውን መቆጣጠራቸውን ቢናገሩም የደም ግፊትን በመሳሰሉ ልኬቶች፣ ከሥራ በመቅረትና በሕክምና ወጪ ላይ ልዩነት አላገኘም። በ2024 ደግሞ በብሪታንያ 233 ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ 46,336 ሰዎችን መረጃ ያየ ጥናት፣ በግለሰብ ላይ ባነጣጠሩ ሥልጠናዎችና አፖች የተሳተፉት ካልተሳተፉት የተሻለ ደህንነት እንዳልታየባቸው ዘግቧል። የመጨረሻው ጥናት በአንድ ወቅት የተወሰደ መረጃ ላይ የቆመ ስለሆነ መንስኤና ውጤትን ለይቶ አያስቀምጥም። ሦስቱ ሲደመሩ ግን ኪስ ከመክፈት በፊት ቆም ማለት እንደሚገባ ይናገራሉ።

በሌላ በኩል የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን ከ1985 ጀምሮ የተከታተለው ሁለተኛው የኋይትሆል ጥናት ከ10,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ተነሥቶ፣ በገዛ ሥራቸው ላይ የመወሰን ነፃነት ያነሳቸው ሰዎች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው አግኝቷል። የመወሰን ነፃነት ደግሞ ከገበያ አይገዛም። ፈረቃው እንዴት እንደሚደለደል፣ ማን ከማን ፈቃድ እንደሚጠብቅ፣ ሥራው ሲከመር ማን «ይበቃል» ማለት እንደሚችል የሚያውቀው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው። እሱ ከሌለበት ክፍል ውስጥ የወጣ ዕቅድ ይህን ነገር ሊይዘው አይችልም።

ማማከርና ማሳተፍ አንድ አይደሉም

አማራጮቹን ከማነጻጸራችን በፊት አንድ መለኪያ ያስፈልገናል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) በ2018 ያወጣው አይኤስኦ 45001 የተባለው የሙያ ደህንነትና ጤንነት ደረጃ ሁለት ቃላትን ለይቶ ይተረጉማል። ማማከር ማለት ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የሰውን ሐሳብ መጠየቅ ነው። ማሳተፍ ማለት ውሳኔው ውስጥ ማስገባት ነው። ደረጃው ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ለዚህም ጊዜ፣ ሥልጠናና ግብዓት እንዲመደብ ያዛል፤ የኃላፊነት ቦታ የሌላቸውን ሠራተኞች ደግሞ ነጥሎ ያነሣል።

ሁለቱም ክቡር ነገሮች ናቸው። የሚያቃጥለው ማማከርን ማሳተፍ ብሎ መጥራት ነው። ሠራተኛ «አብረን እናቅዳለን» ተብሎ ተጠርቶ፣ ያለቀ ሰነድ ላይ እጅ እንዲያወጣ ሲደረግ ለይስሙላ እንደተጠራ ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ሁሉ ከአንገት በላይ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን አማራጭ ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እዚህ መድረክ ላይ የተነሣ ሐሳብ «አይሆንም» ቢባል፣ የሚለው ማን ነው? ምክንያቱንስ የመናገር ግዴታ አለበት?

አንደኛው፦ አመራሩ ያረቅቃል፣ ሠራተኛው አስተያየት ይሰጣል

ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጠናቀቃል። ሕግ የሚያስገድዳቸው ነገሮች፣ የአደጋ ጊዜ ሥርዓት፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ፣ የአየር ዝውውር የመሳሰሉት ረጅም ውይይት አይፈልጉም፤ በዚህ መንገድ ይሂዱ። አሥርና አሥራ አምስት ሰው ያለበት ትንሽ ተቋምም ኮሚቴ ላቋቁም ብሎ ራሱን ባያደክም ይሻላል፤ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ይገባሉ።

መንገዱ የሚበላሸው በአፈጻጸም ነው። የ30 ገጽ ረቂቅ ሐሙስ ማታ በኢሜይል ይላካል፤ «እስከ ሰኞ አስተያየታችሁን» ይባላል፤ ዝምታው እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ይህን ማስቀረት ከባድ አይደለም። ሙሉ ሰነድ ከመላክ ይልቅ ገና ያልተወሰኑ ሦስት ጥያቄዎችን፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት አማራጭ ይዛችሁ ውረዱ። ከዚያ የመጡትን አስተያየቶች፣ የተቀበላችሁትንና ያልተቀበላችሁትን፣ ከነምክንያቱ አንድ ገጽ ላይ ለጥፉ። ያቺ አንድ ገጽ ከ30ው ገጽ በላይ ትነበባለች።

ሁለተኛው፦ መጠይቅ

መጠይቅ ርካሽ ይመስላል። እስቲ እንቁጠረው። 400 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ቢያጠፉ 133 የሥራ ሰዓት ነው። ከታች የማነሣው የጤና ክበብ አሥር ሰው ይዞ ስምንት ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቀመጥ 120 ሰዓት ይፈጃል። ማለትም «ውድ» የሚባለው ክበብና «ርካሽ» የሚባለው መጠይቅ በሰዓት ሲሰሉ ተቀራራቢ ናቸው። ልዩነቱ የመጠይቁ ወጪ በ400 ሰው ላይ ተበትኖ ስለማይታይ ብቻ ነው።

ይህን የምለው መጠይቅን ለማጣጣል አይደለም። የት ክፍል እንዳመመ ይናገራል፤ የዛሬን ከሚቀጥለው ዓመት ጋር ለማወዳደርም ሌላ ጥሩ መንገድ የለም። ግን ራሳችሁ አዲስ ጥያቄ አትፍጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት የደህንነት መለኪያ አምስት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ከ0 እስከ 25 ያለው ነጥብ በአራት ተባዝቶ ከመቶ ይነበባል። የሥራውን አደረጃጀት ለማየት ደግሞ የብሪታንያው የጤናና ደህንነት ባለሥልጣን ያዘጋጀው የ35 ጥያቄ መጠይቅ አለ። የሚለካቸው ስድስት ነገሮች ናቸው፦ የሥራ ጫና፣ የመወሰን ነፃነት፣ ድጋፍ፣ የሰዎች ግንኙነት፣ የሥራ ድርሻ ግልጽነትና የለውጥ አያያዝ። እነዚህ ስድስቱ መጠይቁን ባትጠቀሙበት እንኳ ለውይይት መነሻ ይሆናሉ።

ሦስት ጥንቃቄዎች ልጨምር። አንደኛ፣ የክፍሉ ሠራተኞች ከአሥር ካነሱ የክፍሉን ውጤት ለብቻው አታውጡ፤ «ስም አይጻፍም» ተብሎ አምስት ሰው ባለበት ክፍል ዕድሜና ጾታ ከተጠየቀ ስሙ ተጽፏል። ሁለተኛ፣ የተቋሙ አማካይ ውጤት ብዙ ነገር ይደብቃል፤ የቀኑ ፈረቃ ደህና ሆኖ የሌሊቱ ሲማቅቅ አማካዩ «መካከለኛ» ይላል። ሦስተኛ፣ ስለ ድብርትና ራስን ስለመጉዳት የሚጠይቁ የሕክምና መጠይቆችን፣ «አዎ» ብሎ ለመለሰ ሰው የዚያኑ ቀን የሚደርስለት ባለሙያ ሳይኖር አታሰራጩ። ጠይቆ ዝም ማለት ካለመጠየቅ ይከፋል።

መጠይቅ የማይነግራችሁ «ለምን»ን ነው። «የሥራ ጫና በዝቷል» የሚል 68 በመቶ አገኛችሁ እንበል። ከዚያስ? ሰው ይቀጠር? ሪፖርት ይቀነስ? ኮምፒውተሩ ይቀየር? ወረቀቱ መልስ የለውም።

ሦስተኛው፦ የጋራ ኮሚቴ

ግማሹ ከአመራር፣ ግማሹ ከሠራተኛ፣ በየወሩ የሚቀመጥ አካል። ብዙ አገሮች ውስጥ ለሙያ ደህንነት በሕግ የሚታወቅ ቅርጽ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1981 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 155 በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለው ትብብር የተቋሙ አደረጃጀት ዋና አካል እንዲሆን ይጠይቃል፤ የደህንነት እርምጃዎች ወጪም ሠራተኛው ላይ እንዳይወድቅ ይደነግጋል። ይህ ስምምነት ከሰኔ 2022 ወዲህ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ስምምነቶች አንዱ ሆኗል።

የኮሚቴ ጥንካሬ ዘላቂነቱ ነው። መጠይቅ ያልፋል፣ አማካሪ ይሄዳል፤ ኮሚቴ ግን በሚቀጥለው ወር ተመልሶ «ያ ነገር የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ከዓመት በኋላ የሚመጡት ያው ሰዎች ናቸው፤ አጀንዳው ያው ነው፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል። ቃለ ጉባኤ ብቻ የሚያመርት ኮሚቴ ያላየ ያለ አይመስለኝም።

ኮሚቴን ሕያው የሚያደርጉት ጥቂት ነገሮች ናቸው። የሠራተኛ ተወካዮችን ሠራተኛው ይምረጥ፤ አለቃ የመረጠው ተወካይ የአለቃ ተወካይ ነው። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ይሁን፣ ሰዓቱም ይከፈልበት። የሌሊት ፈረቃ ካለ በየሦስተኛው ስብሰባ ሰዓቱ ወደ እነሱ ይጠጋ። ትንሽም ብትሆን ማንንም ሳይጠይቅ የሚያዝባት በጀት ይኑረው፤ ወንበር ለመጠገን ሦስት ፊርማ የሚጠብቅ ኮሚቴ ስትራቴጂ አያወጣም። ከሁሉም በላይ፣ ኮሚቴው ያቀረበው ሐሳብ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ የማግኘት መብት ይኑረው።

«ያለው የደህንነት ኮሚቴ ይህን ይጨምርበት ወይስ አዲስ ይቋቋም?» ብላችሁ ካመነታችሁ፣ ያለው ኮሚቴ ባለፉት ስድስት ወራት ያስፈጸመውን አንድ ነገር ጥሩ። መጥራት ከቻላችሁ ለእሱ ስጡት። ካልቻላችሁ ሞቶ ነው፤ ሌላ ሸክም አትጫኑበት።

አራተኛው፦ የጤና ክበብ

እኔ የማደላለት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ አየዋለሁ፤ እናንተም ማድላቴን እያወቃችሁ አንብቡት።

የጤና ክበብ በ1980ዎቹ ጀርመን ውስጥ የዳበረ አሠራር ነው። ከአንድ ክፍል የተውጣጡ ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት የሚሆኑ፣ በአንድ አወያይ መሪነት ለተወሰነ ጊዜ ይገናኛሉ። ሥራቸው ውስጥ የሚያሳምማቸውን ይዘረዝራሉ፣ መንስኤውን ይፈልጋሉ፣ መፍትሔ ይጽፋሉ፣ ይበተናሉ። ሁለት ዓይነት አለው። በርሊን ላይ የተለመደው አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን ብቻ ይሰበስባል፤ አለቃ የለበትም። የዱሰልዶርፉ ግን ሠራተኛውን፣ የቅርብ አለቃውን፣ የሠራተኛ ተወካዩንና የሙያ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ላይ ሰው ልቡን ይከፍታል፤ መፍትሔው ግን በር ላይ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው ላይ መፍትሔው ቶሎ ይፈጸማል፤ ግን አለቃው በገባበት ክፍል ሁሉም እኩል አይናገርም። በመካከል ያለውን እመርጣለሁ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስብሰባዎች ያለ አለቃ፣ ከአራተኛው ጀምሮ ከአለቃ ጋር።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አስቡ። ከዚያ ክፍል የሚመጣው የሕመም ፈቃድ ከሌሎቹ በእጥፍ ይበልጣል፤ ምክንያቱ ወገብና ትከሻ ነው። አመራሩ ያሰበው «ዕቃ ስታነሡ ጉልበታችሁን እጠፉ» የሚል ሥልጠናና የጠዋት ማፍታቻ ስፖርት ነው። ክበቡ ተቀመጠ። አወያዩ «ወገባችሁን የሚያማችሁ መቼ ነው?» አለ። «ሁልጊዜ» አሉ። «ዛሬስ ሕመሙ በስንት ሰዓት ጀመራችሁ?» አለ። ዝም። ከዚያ አንዲት ሴት «ጋሪው ሊያልቅ ሲል» አለች። ጋሪው ጥልቅ ነው። ከላይ ያለው እርጥብ አንሶላ በቀላሉ ይወጣል፤ ከሥር ያለው ግን ሰው ከወገቡ ታጥፎ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ፣ ውሃ የጠጣ ጨርቅ ጎትቶ ነው የሚያወጣው። ጉልበት ማጠፍ እዚህ አይረዳም፤ የጋሪው ግድግዳ ይከለክላል። ልብሱ ሲቀንስ ወለሉ በስፕሪንግ ከፍ የሚል ጋሪ መኖሩን ደግሞ ዕቃ ግዢ ክፍሉ ያውቃል፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው።

በአራተኛው ስብሰባ ሌላ ነገር ወጣ። የፈረቃ ድልድሉ የሚለጠፈው አርብ ማታ ነው፤ ለሰኞ። ልጅ ያላት ሠራተኛ በሁለት ቀን ውስጥ ልጅ የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። ካላገኘች «አሞኛል» ትላለች። ከሕመም ፈቃዱ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ሕመም አልነበረም። የቅርብ አለቃው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሐሙስስ ብለጥፈው ምን አለበት? አርብ የማደርገው ከቀድሞው አለቃ ተቀብዬ ነው» አለ።

እንዲህ ያለ ነገር መጠይቅ ላይ አይወጣም። ኮሚቴም አይደርስበትም፤ ኮሚቴ ስለ «ሕመም ፈቃድ መብዛት» ነው የሚያወራው። ክበብ ስለ ጋሪና ስለ አርብ ያወራል።

ችግሮቹን ግን አልሸሽግም። አንድ ክበብ አንድን ክፍል ብቻ ያያል፤ ሃያ ክፍል ላለው ተቋም ሃያ ክበብ አይቻልም። አወያይ ይፈልጋል፤ አወያይነትም ለማንም አይሰጥም፤ ተናጋሪውን በትሕትና የሚያስቆም፣ ዝምተኛውን የሚጠብቅ ሰው ይሻል። ክበቡ ራሱ የማያዝባቸው ነገሮች ላይ ሲደርስም ይቆማል። የማስረጃውን ጉዳይ ደግሞ በልኩ እንያዘው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ሠራተኞችን የሚያሳትፉ የአደረጃጀት ለውጦችን ይመክራል፤ መረጃው ገና ጠንካራ ስላልሆነ ግን ምክሩን የሰጠው በቅድመ ሁኔታ ነው። ክበብ ተአምር አይሠራም። የሚሠራው ትክክለኛውን ችግር ማግኘት ነው።

አምስተኛው፦ የውጭ አማካሪ

እምነት ጨርሶ በጠፋበት ቦታ፣ ሠራተኛው ለራሱ ሰው የማይናገረውን ለእንግዳ ይናገራል። አማካሪ ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው። ከመቅጠራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የሰበሰበውን መረጃ ማን ይይዛል፣ ለአመራሩ የሚደርሰውስ ምኑ ነው? ሌላ የሚሸጠው ነገርስ አለ? አፕ የሚሸጥ አማካሪ አጥንቶ ሲመለስ መፍትሔው አፕ ሆኖ ይገኛል። ውሉ ላይም ሁለት የእናንተን ሰዎች አወያይነት አሠልጥኖ እንዲሄድ ጻፉበት።

(የአንድ ቀን ትልቅ ዐውደ ጥናትን ለብቻው አማራጭ አላደረግሁትም። ባለቀለም ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይበተናል። ለማስጀመሪያ ቀን ደህና ነው፤ ለማቀድ ግን አይሆንም።)

ታዲያ የቱን?

ከ20 በታች ከሆናችሁ አንደኛውን ያዙ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት፣ ሁላችሁም ተቀመጡ። ከ50 እስከ 300 ላለው ተቋም የምመክረው የሁለቱን ቅልቅል ነው፦ ስምንት ሰው የያዘ የጋራ ኮሚቴ፣ እና በጣም በከበዳቸው ሁለት ክፍሎች ውስጥ ሁለት ክበቦች። ክበቡ ችግሩንና መፍትሔውን ያመጣል፤ ኮሚቴው በጀቱንና መልሱን ይይዛል። ከዚያ በላይ የሆነ፣ በተለይም ብዙ ቦታ የተበተነ ተቋም በአምስቱ ጥያቄ መጠይቅ ይጀምር፤ ግን መጠይቁን የሚጠቀምበት ክበቡን የት እንደሚያቋቁም ለመለየት ብቻ ይሁን።

ሰዎቻችሁ ከቤት የሚሠሩ ከሆነ ክበቡ በቪዲዮ ይሆናል፤ ሰዓቱን ወደ 50 ደቂቃ አሳጥሩት፣ ቁጥሩንም ከሰባት አታሳልፉ። በቅርቡ ሰው የተቀነሰበት ወይም ሊቀነስ የተወራበት ተቋም ግን ምንም አይጀምር። «ስለ ጤናችሁ እንወያይ» የሚል ደብዳቤ በዚያ ሰሞን ሲመጣ ሠራተኛው የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ያ ወሬ ይጥራ።

ጊዜያችሁ አጭር ከሆነና ከአንዱ በላይ የማትችሉ ከሆነስ? አንድ ክበብ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ወር። ሰፊ ሆኖ የማይፈጸም ስትራቴጂ ከምታወጡ አንድ ጋሪ ቀይሩ፤ የሌላው ክፍል ሠራተኛ አይቶ «የእኛስ መቼ ነው?» ይላል።

የትኛውንም ብትመርጡ የማይቀሩ ሁለት ነገሮች

የመጀመሪያው የመካከለኛ አለቆች ጉዳይ ነው። አመራሩ ፈቅዶ፣ ሠራተኛው ተስማምቶ፣ ዕቅዱ መሐል ላይ ሲሞት ያየ ሰው የት እንደሞተ ያውቃል። የፈረቃ መሪው፣ የክፍል ኃላፊው፣ ተቆጣጣሪው ከላይ «ምርት አሳድግ» ከታች «ሰዎቹን አሳርፍ» እየተባለ ተጨናንቋል፤ ዕቅዱም በእሱ ላይ የመጣ ክስ ይመስለዋል። ክበብ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ሰዎች ለብቻቸው ሰብስቡና እነሱንስ ምን እንደሚያደክማቸው ጠይቁ። ከላይ ያነሣሁት የ2022 መመሪያ ጠንከር አድርጎ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ለኃላፊዎች የሚሰጥ የአእምሮ ጤና ሥልጠና ነው፤ አለቃው የሠራተኛውን ጭንቀት እንዲለይ፣ እንዲያዳምጥ፣ የሥራውንም ሁኔታ እንዲያስተካክል።

ሁለተኛው በር ያልተከፈተላቸውን ጉዳዮች በመጀመሪያው ቀን መናገር ነው። ደመወዝ በዚህ መድረክ የማይወሰን ከሆነ በግልጽ ተናገሩ፤ የት እንደሚወሰንም ጠቁሙ። የትርፍ ሰዓትን ግን «አይነካም» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ እንዳታስገቡት አደራ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 በጋራ ባወጡት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመጠቃት ዕድሉ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 በመቶ ይጨምራል። የሥራ ሰዓትን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያለፈ የጤና ዕቅድ ስለ ጤና ነው ለማለት ይቸግራል።

ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ምን ይሰብሰብ?

አዲስ ጥናት አያስፈልግም። ያለፉት 12 ወራት የሕመም ፈቃድ በየክፍሉ፣ ሥራ የለቀቁ ሰዎች ቁጥር በየክፍሉ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የተመዘገበ አደጋ። አራቱም ብዙ ጊዜ የሰው ሀብት ክፍሉና የሒሳብ ክፍሉ ኤክሴል ውስጥ ተቀምጠዋል። የሰው ስም ሰርዙና አንድ ገጽ ላይ አስቀምጡት። አራቱም ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ክፍል ክበቡ የሚጀመርበት ነው።

የመጨረሻውንም ስብሰባ ቀን ከመጀመሪያው ጋር አንድ ላይ ያዙት፤ ክበቡ ከተበተነ ስድስት ወር በኋላ፣ ያው ሰዎች፣ ያው አወያይ። አጀንዳው የክበቡ ዝርዝር ራሱ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ «ተፈጸመ»፣ «በከፊል» ወይም «አልተፈጸመም» ተብሎ ይጻፋል፤ አልተፈጸመም ከተባለም አይሆንም ያለው ሰው ወይም ክፍል ከነምክንያቱ ይጠቀሳል። ወረቀቷን የፈረቃ ድልድሉ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ስቀሏት፤ እዚያ ሁሉም ያያታል።